አፍ የሌለው ትል አየሁ!

ኧረ ስሙኝማ! ቅዳሜ ጥርባ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለም!

ቪዲዮው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ድንገት መብራት በራ። ውይ! ነጭ ቱቦ፣ ከጫፉ ደም የመሰለ ቀይ ላባ ብቅ! አንድ ሁለት እንዳይመስላችሁ፤ ሜዳ ሙሉ! ሸርጣን መጥቶ ሲነካቸው እልም! ቱቦው ውስጥ ጥልቅ! «ምን ዓይነት አበባ ነው?» ብለው «አክስቴ፣ ትል እኮ ነው!» አይለኝም?

ትል! እስከ 2 ሜትር የሚያድግ ትል! ሪፍቲያ ይባላል። አፍ የለውም! አንጀት የለውም! ታዲያ ምን በልቶ ያድጋል? እዚህ ላይ ነው ያበድኩት! ከባሕሩ ወለል ስንጥቅ የሞቀ ውሃ ይወጣል፤ ውሃው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለው፤ ለእኛ መርዝ ነው። ትሉ ግን ጋዙን በቀይ ደሙ ተሸክሞ ሰውነቱ ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያደርሳል። እነሱ ደግሞ ምግብ ሠርተው ይቀልቡታል! ፀሐይ የለ፣ ቅጠል የለ! በዚህ ቀድማ የነቃችው ያኔ የሃርቫርድ ተማሪ የነበረች ኮሊን ካቫኖ የምትባል ሴት ናት። ትሉ ውስጥ የድኝ ቅንጣት አለ ሲባል ሰማች፤ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ይህንኑ ተናገረች! ጎበዝ!

በ1977 እ.ኤ.አ. አልቪን የተባለችው ጠላቂ ጀልባ ጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ገደማ ወርዳ ይህን ዓለም ስታገኝ፣ በጉዞው አንድም የሥነ ሕይወት ሰው አልነበረም። ድንጋይ ሊያጠኑ ሄደው! የእንስሳቱን ናሙና የሩሲያ ቮድካ ውስጥ ነከሩት!

የትሉ ምደባማ ልብ ያንጠለጥላል! ማንን ይመስላል? ማንንም! ለብቻው ፋይለም (ትልቅ የእንስሳት ምድብ) ተሰጠው። ኋላ ዘረመሉ ሲታይ ዘመዱ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? ድንች ስንቆፍር የሚወጣው የመሬት ትል! የጓሯችን!

ገና አልጨረስኩም! እንዲህ ባሉ ስንጥቆች ዳር ሌሎች ጉዶችም አሉ! እግሩ የብረት ቅርፊት የለበሰ ቀንድ አውጣ አለ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የተገኘ። እሱ የሚኖርበት ስንጥቅ እየቀጠለ በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ አፋራችን ድረስ ይመጣል! ክንዱ ፀጉር በፀጉር የሆነ ነጭ ሸርጣንም አለ፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተገኝቶ አዲስ ቤተሰብ ተከፈተለት! ጀርባው ላይ ብርሃን የሚለይበት ሽሪምፕ አለ! ጀርባው ላይ!

አሁኑኑ ዩቲዩብ ክፈቱና «ናውቲለስ ላይቭ» ብላችሁ ፈልጉ። ሮቦቶቹ ሲጠልቁ በቀጥታ ያሳያሉ፤ በነፃ ነው! የቤቱን መብራት አጥፉ፤ ልጆቹን ጥሩ፤ ቀዩ ላባ ብቅ እስኪል ጠብቁ!