ሰዓቱን ማን ይጠብቅ? ስለ አገልጋይ ዕረፍት የምንሰብከው ሲመረመር

በኮንፈረንስ መድረክ ደጋግማችሁ የሰማችሁትን፣ ምናልባትም ራሳችሁ የሰበካችሁትን አንድ ምሳሌ ላስታውሳችሁ። የገሊላ ባሕር ከዮርዳኖስ ይቀበላል፣ መልሶም ይሰጣል፤ ስለዚህ ሕያው ነው። ሙት ባሕር ግን ይቀበላል እንጂ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሞተ። መደምደሚያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ አገልጋይ ሆይ፣ እንዳታቋርጥ፤ መስጠት ያቆምህ ቀን ትሞታለህ።

እኔ ያደግሁት በሐይቅ ከተማ ነውና ይህን ምሳሌ በሰማሁ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቃችን ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደውን ውኃ ይቀበላል፤ በገጹ ላይ ግን የሚወጣ ወንዝ የለውም። በምሳሌው ሕግ ከሆነ ሙት መሆን ነበረበት። ነገር ግን ዓሣ ይጠመድበታል፤ እንደ ሙት ባሕርም ጨው አልሆነም። አጥኚዎች ውኃው ለዓይን በማይታይ መንገድ ከመሬት በታች እንደሚሰርግ ይገምታሉ። አንዱን ምሳሌ በሌላ ምሳሌ ልተካ አልሻም፤ ምሳሌ ትምህርተ መለኮት አይሆንም። የምለው፣ ያለ ምርመራ የተደጋገመ ምሳሌ ሳናውቀው ትምህርተ መለኮት ሆኖብናል ነው። ዕረፍት የማያውቅ አገልጋይ መንፈሳዊ ነው፣ ለራሱ የሚራራ አገልጋይ ግን ሥጋዊ ነው የሚለውን ይህን ያልተጻፈ ትምህርት በቃሉ ፊት እናቁመው።

አንድ ኑዛዜ

ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበኝ አስቀድሜ ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሥራ ቀናት አስተምር ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ በአንዲት አጥቢያ እሰብክ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ በስልክ እመክር ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሐይቅና በደሴ ካለፈ ወዲህ ለቅሶውን ያልጨረሰ ቤት ብዙ ነበር፤ ከእነዚህ ማንን «ዛሬ አልችልም» ትላላችሁ? በአንድ ቀን አምስት ቤት እጠይቃለሁ፤ ከአምስቱም አቦል ብቻ ጠጥቼ እነሣለሁ። በወሎ ቶናውንና በረካውን ሳይጠብቅ የሚነሣ እንግዳ ምን እንደሚባል የአገሬ ልጆች ታውቃላችሁ።

ታዲያ አንድ ቀን በአንዲት እናት ቀብር ላይ ቆሜ፣ ባለፈው ሳምንት የቀበርናቸውን የሌላ ሴት ስም ጠራሁ። አንድ ጊዜም አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። የሟች ልጅ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አልተናገረም። በዚያች ሌሊት የወሰድሁት ውሳኔ ሦስት ቀን መጾምና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እየተነሡ መጸለይ ነበር። ድካሜን በሌላ ድካም ቀጣሁት። ጉዳዩን የነገርኋቸው አንድ ሽማግሌ ስለ ጾሙ አልጠየቁኝም። «ልጄ፣ ትተኛለህ ወይ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቸኩለን የምናልፋቸው ጥቅሶች

1ነገሥት 19ን ስንሰብክ ብዙ ጊዜ እግዚአብሔር በዋሻው ደጅ ኤልያስን ወደ ጠየቀው ጥያቄ እንቸኩላለን፤ ስብከታችንም የፈራ ነቢይ ተግሣጽ ይሆናል። ከጥያቄው በፊት ግን እንቅልፍ አለ፤ ከእንቅልፉ በኋላ እንጎቻና ውኃ፤ ከዚያም ሁለተኛ እንቅልፍና ሁለተኛ ማዕድ (ቁ. 5–8)። መሞትን ለለመነው ሰው መልአኩ መጀመሪያ ያመጣለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጀራ ነው። የሰጠውም ምክንያት የመንገዱን ርዝመት እንጂ የእምነቱን ማነስ አይደለም። ጥያቄው መጥቷል፤ የመጣው ግን ለበላና ለተኛ ሰው ነው።

«ጌታም እኮ ዕረፍቱን ለሕዝቡ ሲል ሰውቷል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ በማርቆስ 6 ሐዋርያቱን ወደ ምድረ በዳ ዞር ብለው እንዲያርፉ ከጋበዛቸው በኋላ ሕዝቡ ቀድሞ ደረሰ፣ እርሱም ራራላቸው (ቁ. 31–34)። ዕረፍት በፍቅር ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችል መካድ የለብንም። ግን እዚያ ላይ አናቁም። ሕዝቡ ከበላ በኋላ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ አስቀድሞ ይሰድዳል፤ ሕዝቡን የሚያሰናብተው ራሱ ነው፤ ከዚያም ብቻውን ለመጸለይ ወደ ተራራ ይወጣል (ቁ. 45–46)። ልብ በሉ፤ ያልተፈወሰ ሰው በዚያ ሕዝብ ውስጥ አልቀረም ብሎ ማርቆስ አልጻፈም። ጌታ ሕዝብ እያለ ሕዝብን ማሰናበት ያውቅ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ አፍሮዲጡ ነው። ለክርስቶስ ሥራ ሲል ለሞት ቀርቦ ነበር፤ ጳውሎስም እንዲህ ያለውን ሰው አክብሩ ይላል (ፊልጵ. 2፥25–30)። ስለዚህ እስከ ሞት መድከም የተከበረ ነው ማለት ነው? የተከበረ ነው። ነገር ግን ጳውሎስ ያከበረውን ሰው ምን እንዳደረገው ተመልከቱ፦ ወደ ቤቱ ላከው። መዳኑንም ለአፍሮዲጡና ለራሱ ለጳውሎስ የሆነ የእግዚአብሔር ምሕረት ብሎ ይጠራዋል። ራስን መካድ በመንገዱ ላይ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ በየሳምንቱ የሚወጣ መርሐ ግብር አይደለም።

በሌላው ወገን ያለው ስሕተት

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ተቃራኒው ድምፅ ወደ መድረካችን ገብቷል፤ «ባልንጀራህን ለመውደድ መጀመሪያ ራስህን ውደድ» ይላል። ይህም ንባብ አይቆምም። ጌታ ትእዛዛቱ ሁለት እንደ ሆኑ እንጂ ሦስት እንደ ሆኑ አልተናገረም (ማር. 12፥29–31)፤ ጳውሎስም ራስን መውደድን ከመጨረሻው ዘመን ክፋቶች ጋር ይቆጥረዋል (2ጢሞ. 3፥2)። ለራስ መራራትን በዚህ መሠረት ላይ የሚያቆም ስብከት ዛሬ ለደከሙት ያረፋቸው ቢመስልም ነገ ከመስቀሉ ያስኮበልላቸዋል።

ታዲያ መሠረቱ የት ነው? በመዝሙር 103፥13–14 ነው እላለሁ። አባት ለልጆቹ እንደሚራራ እግዚአብሔር ለሚፈሩት ይራራል፤ ምክንያቱም አፈር መሆናችንን ያስባል። ራሴን እንደማይደክም ፍጡር ስቈጥር፣ እግዚአብሔር የሚያስበውን እኔ ረሳሁ ማለት ነው። እንግዲህ ለራስ መራራት ራስን ማስቀደም ሳይሆን እውነትን መናዘዝ ነው፤ እግዚአብሔር ስለ እኔ በሚያውቀው ነገር ከእርሱ ጋር መስማማት ነው። የክሌርቮው በርናርድ እ.ኤ.አ. በ12ኛው መቶ ዘመን ለቀድሞ ደቀ መዝሙሩ ለጳጳስ ዩጂን 3ኛ በጻፈው ምክር ይህን ነክቶታል፤ ለሁሉ የሚሆን ሰው ከእነዚያ ከሁሉ አንዱ እርሱ ራሱ መሆኑን እንዳይዘነጋ ያሳስበዋል።

ዐቃቤ ሰዓት

አሁን ወደ ሐይቁ ልመልሳችሁ። በሐይቁ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ሆነ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። የዚህ ገዳም አበምኔት ይጠራበት የነበረው ማዕረግ ዐቃቤ ሰዓት ነው፤ ሰዓትን የሚጠብቅ ማለት ነው። በአስተምህሮ በብዙ ነገር ብንለይም ይህ ስም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ሰዓት ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂውም ማዕረግ ያለው፣ በማኅበሩ የታወቀ ሰው ነው።

ታሪኩ ግን ማስጠንቀቂያም ይዟል። ማዕረጉ ቀስ በቀስ ወደ ቤተ መንግሥት ተሳበ፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ዐቃቤ ሰዓቱ ከመንግሥቱ ታላላቅ ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ሰዓት ጠባቂው ራሱ ከሁሉ ይልቅ ሥራ የበዛበት ሰው ሆነ። መጋቢ ወንድሜ፣ ይህ የኛም ታሪክ አይደለምን? የዕረፍትን ስብከት ለመስበክ ሦስት ከተማ እንዞራለን።

ሌላም ነገር አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን መባቻ የቅዳሜ ሰንበት ይከበር በሚል በተነሣው ክርክር የኤዎስጣቴዎስ ወገን መሪ የነበሩት የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ በዚሁ በሐይቅ ገዳም በግዞት ቆይተዋል። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኖ ተዘጋ። አባቶቻችን የትኛው ቀን ይረፍ በሚል ተጋዙ። እኛ ቈላስይስ 2፥16ን ይዘን ከሰንበት ሕግ ነፃ ነን እንላለን፤ ደግሞም ነን። ነገር ግን ከሕጉ ስንወጣ ስጦታውንም ጥለን ወጣን፤ እሑድ ለመጋቢው የሥራ ቀን ነው፣ ሰኞም ስብሰባ ነው። ነፃነታችን ከሰባቱ ቀናት አንዱን እንኳ ማረፊያ ካላደረገልን፣ ነፃ የወጣነው ወደ የትኛው ጌታ እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባል።

ለማን ነው የምናገረው?

ብዙዎቻችሁ በትንንሽ ከተሞች ብቻችሁን የምታገለግሉ፣ እንጀራችሁንም በሌላ ሥራ የምታገኙ እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ «ዕረፉ» ብሎ መጻፍ ሌላ ሸክም መጨመር ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከእናንተ ይልቅ ለሽማግሌዎችና ለእኛ ለመምህራን ነው። ኤልያስ እንጎቻውን ራሱ አልጋገረም። ሐዋርያትም ሕዝቡን ራሳቸው አላሰናበቱም።

የአጥቢያ ሽማግሌዎች፣ ከመካከላችሁ ሁለት ሰዎች የመጋቢያችሁ ዐቃቤ ሰዓት ይሁኑ። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩን እነርሱ ያንሡ፤ ለቅሶ ቢመጣ በዚያ ቀን እነርሱ ቀድመው ይድረሱ፤ ምእመናንም ይህ የመጋቢው ስንፍና ሳይሆን የጉባኤው ውሳኔ መሆኑን ከመድረክ ይስሙ። እኛ መምህራንም የአገልግሎት ትምህርት ስንሰጥ ተማሪውን ስንት ቦታ እንዳገለገለ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያሳርፈው እንጠይቀው።

ወደዚያ ቤተሰብ ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁ ስለ ስሙ ብዙ አላነሣም። ስለ እናቱ ሲነግረኝ ቶናው ተቀዳ፤ ቀጥሎም በረካው። የሴትዮዋን ሕይወት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በቀብሩ ዕለት ስማቸውን የሳትሁት ፍቅር ስላልነበረኝ አይመስለኝም፤ ተቀምጬ ስላልሰማሁ ነው። ለራሱ የማይራራ አገልጋይ ለመንጋው የበለጠ የሚራራ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በዚያ መቃብር አፋፍ ላይ የተማርሁት ተቃራኒውን ነው።