የማይነበብ ገጽ ለማን ነው?

በ1994 እ.ኤ.አ. ሬይ ገን የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት ከዘፋኙ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ ይዞ ወጣ። አንድ ቃል ግን አይነበብም። ዲዛይነሩ ዴቪድ ካርሰን ጽሑፉ ስለሰለቸው ዲንግባትስ በሚባል የምልክት ፎንት ለቀቀው፤ በፊደል ቦታ ኮከብ፣ አበባ፣ አራት ማዕዘን። እንግሊዝኛ የሚያንበለብለውም ሰው ፊደል እንዳልቆጠረ ያፈጥበታል።

መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው።

መጽሔቱ በ1992 ካሊፎርኒያ ሲጀመር ያነጣጠረው ኦልተርናቲቭ ሮክ በሚሰማው ወጣት ላይ ነበር። ለዚህ ልጅ የተቆራረጠ ርዕስ፣ እርስ በርሱ የተነባበረ ጽሑፍ፣ ከገጹ ጠርዝ የሚያመልጥ ፎቶ ልክ እንደሚወደው ጊታር ይጮኽለታል። ሬይ ገንን ለማንበብ መታገል አለበት፤ ትግሉ ራሱ የቡድኑ አባል ያደርገዋል። ወላጆቹ ገና በመጀመሪያው ገጽ ተስፋ ቆርጠው ይመልሱለታላ! እስከዚህ ካርሰን አንባቢውን ያውቀዋል፣ ያከብረዋልም።

የፌሪው ገጽ ግን ሌላ ነገር ነው። ፌሪ ያኔ ሃምሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ሱፍ ለባሽ የድሮ ኮከብ ነው። ገጹ ለወጣቱ «ይሄ ያንተ ሰው አይደለም፣ እለፈው» ብሎ ወሰነለት። አንብቦ ራሱ እንዲሰለች እንኳ ዕድል አልሰጠውም። እንደ አመፅ ሲወራለት የኖረው ይህ ገጽ ለእኔ ከአለቃ ትእዛዝ ብዙም አይለይም።

ደግሞ ያው ቃለ ምልልስ በሚነበብ ፊደል እዚያው መጽሔት መጨረሻ ላይ ታትሟል። ፌሪ ምን እንዳለ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ እንዳለ ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ የጠረጠረ ሰው ነበር ማለት ነው።