ጥፋቱን ያልቀበረ ድራማ

«ሃልት ኤንድ ካች ፋየር» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የወደደ ሰው ላላየው ወዳጁ ሲያስተዋውቅ አንድ ማስጠንቀቂያ ማከሉ የተለመደ ነው፤ «የመጀመሪያውን ምዕራፍ እለፈው፤ ከሁለተኛው ጀምር» ይላል። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡም አሉ፤ «መጀመሪያው ሳይታይ መጨረሻው ምን ይጥማል?» ባዮች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ድራማው ሲነሳ ይንገዳገድ እንደነበረና ኋላ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይስማማሉ። የማይስማሙት፣ የቆመው የቀድሞውን ጥሎ ነው ወይስ ተሸክሞ በሚለው ላይ ነው። እኔ ከቁጡዎቹ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ በሥራው ስፌት ላይ ይታያል።

ድራማው በኤኤምሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጣቢያው «ብሬኪንግ ባድ»ን ከሸኘ ዓመት አልሞላውም፤ «ማድ ሜን»ም በስንብት ላይ ነበር። አዲሱ ሥራ የተመዘነው በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ነው። ታሪኩ በ1983 በቴክሳስ፣ በዳላስ አካባቢ ይጀምራል። ጆ ማክሚላን ከአይቢኤም ወጥቶ ካርዲፍ ኤሌክትሪክ ወደሚባል ኩባንያ ይመጣል። ጎርደን ክላርክ የሚባል ተስፋ የቆረጠ መሐንዲስና ትምህርቷን ያቋረጠች ካሜሮን ሃው የምትባል ፕሮግራመር ይዞ ከአይቢኤም ኮምፒውተር ጋር የሚስማማ ማሽን ሊሠራ ይነሳል። በእውነተኛው ዓለም ይህን ያደረገው በ1982 እዚያው ቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ የተመሠረተው ኮምፓክ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከተው። ብዙው አልተመለሰም፤ የተመልካቹ ቅሬታም ግልጽ ነበር። ጆ ያማረ ሱፍ ይለብሳል፤ ስለ መጪው ዘመን ይሰብካል፤ ደረቱ ላይ ስላለው ጠባሳ የሚያወራውን ለማመን ይከብዳል። ምስጢር የተሸከመ፣ አንደበተ ርቱዕና ጨካኝ ወንድ ነው። ተመልካቹ ይህን ሰውዬ «ማድ ሜን» ላይ፣ ዶን ድሬፐር በሚባል ስም፣ ጠግቦ አይቶታል። ቅሬታው እውነት ነበረው። ብዙ ትዕይንቶች ጆ ንግግር አድርጎ ሌላው ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያዳምጥ የተሠሩ ናቸው። የጆን ታላቅነት ከሥራው ሳይሆን ከአድማጮቹ ፊት ላይ እንድናነብ ይፈለጋል።

በዚሁ ምዕራፍ ጥግ ላይ ግን ሌላ ሰው አለች፤ የጎርደን ሚስት ዶና። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ሁለት ሴት ልጆች ታሳድጋለች፤ የባሏን ኩርፊያ ትሸከማለች፤ የካሜሮን ኮድ ጠፋ ሲባል ከዲስኮቹ ላይ እንድታተርፍ የምትጠራውም እሷው ናት። ኬሪ ቢሼ ይህችን ሴት የምትጫወታት ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ጎርደንን ከሚጫወተው ከስኩት ማክኔሪ ጋር በ2012ቱ «አርጎ» ፊልም ላይም ባልና ሚስት ሆነው ተውነዋል። በቤታቸው ትዕይንቶች ያለው ያልተወራለት መግባባት አዲስ ከተዋወቁ ተዋንያን በቀላሉ አይገኝም። ድራማው ጆን ሲያጎላ በነበረበት ጊዜ እውነተኛው ሀብቱ ወጥ ቤት አጠገብ ቆሞ ነበር።

የድራማው ፈጣሪዎች ክሪስቶፈር ካንትዌልና ክሪስቶፈር ሲ. ሮጀርስ ከዚያ በፊት ተከታታይ ድራማ ሠርተው አያውቁም። ሁለቱን የመጀመሪያ ምዕራፎች ልምድ ያለው ጆናታን ሊስኮ መራላቸው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ግን መሪውን ራሳቸው ጨበጡት። ከታሪካቸው ውስጥ አንድ ነገር ከእነሱ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ይገርማል። ጆና ጎርደን የአይቢኤም ኮምፒውተር የሚነሳበትን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ባዮስን፣ ከቺፑ ላይ ገልብጠው ስላነበቡት፣ በሕግ እንዳይጠየቁ አዲሱን መጻፍ ያለበት ዋናውን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። ካሜሮን የተቀጠረችው ለዚህ ነው። ደራሲዎቹ የራሳቸውን ሥራ ሲያድሱ ያደረጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የጻፉትን ትኩር ብለው እያዩ ጻፉ።

የ2015ቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲከፈት ከዋነኞቹ ሰዎች የተባረረ የለም። የተለወጠው ክብደቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ካሜሮን ሚውቲኒ የሚባል ድርጅት በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ አቋቁማለች፤ ዶናም ተቀላቅላታለች። ደንበኞቻቸው በኮሞዶር 64 ኮምፒውተርና በስልክ መስመር ተገናኝተው ጌም ይጫወታሉ። ወለሉ በገመድ ተተብትቧል፤ መብራት ይጠፋል፤ ፕሮግራመሮቹ ይጯጯሃሉ፤ ካሜራውም ከክፍል ክፍል አብሯቸው ይሮጣል። በካርዲፍ የቢሮ ግድግዳዎች መካከል ታፍኖ የነበረው ድራማ እዚህ ቤት ውስጥ ተነፈሰ።

የለውጡ ዋና ብልሃት ግን ሌላ ነው። የሚውቲኒ ተጠቃሚዎች ከጌሙ ይልቅ እርስ በርስ ማውራቱን እንደወደዱት የምታስተውለው ዶና ናት። ይህን የምታውቀው የሰዎችን አዋዋል በማየት እንጂ በትንቢት አይደለም። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ታላቅ ሐሳብ ከጆ አፍ በንግግር ይመጣ ነበር፤ አሁን ሥራዋን በትኩረት ከምትከታተል ሴት ዓይን ይመጣል። ገምጋሚዎች ድራማውን በአንድ ድምፅ ማወደስ የጀመሩት ከዚህ ወዲህ ነው።

ጆስ ምን ሆነ? «ከሁለተኛው ጀምር» የሚለው ምክር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ደካማ ደራሲ ጆን ገድሎ ይገላገለው ወይም በአንድ ሌሊት ደግ ያደርገው ነበር። እነዚህኞቹ የአጻጻፋቸውን ጉድለት ወስደው የገፀ ባሕርዩ ዕዳ አደረጉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያሳምን ባዶ ንግግር ተናጋሪ ነበር፤ አዲሶቹን ኮምፒውተሮች የጫነውን መኪናም አቃጥሏል። በሁለተኛው ምዕራፍ እውነት ሲናገር የሚያምነው ጠፋ። ሌሊት ሥራ የሚፈታውን የአንድ የነዳጅ ኩባንያ ትልቅ ኮምፒውተር ለሚውቲኒ በኪራይ ሲያቀርብ እንኳ ሁሉም ወጥመዱን ይፈልጋል። ከዚያ የጎርደንን የፀረ ቫይረስ ፕሮግራም የራሱ አስመስሎ ሀብታም ይሆናል፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ለፍርድ በሚሰጠው ቃል ላይ ግን የጻፈው ጎርደን ነው ብሎ ሁሉንም ያጣል። ይህ ኑዛዜ የሚከብደው ንግግሮቹን ለሰማ ሰው ነው።

ጆን የሚጫወተው ሊ ፔስ ይህን ለውጥ በሰውነቱ ጭምር ይሠራዋል። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ይበልጣል፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ፊት ተገትሮ ይጫናል። በአራተኛው ምዕራፍ እሱና ካሜሮን በስልክ ረጅም ሰዓት የሚያወሩበት ክፍል አለ፤ ያ ሰባኪ እዚያ ዋና ሥራው ማዳመጥ ይሆናል። ሁለት ሰዎችና አንድ የስልክ መስመር ብቻ ይዞ ያን ያህል ደቂቃ ተመልካችን ማቆየት ድፍረት ይጠይቃል። ለውጡ ያሳመነን ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ስለከፈለበት ነው።

ሌላው የእጅ ሥራቸው ምስክር የሦስተኛው ምዕራፍ የቦርድ ስብሰባ ነው። ሚውቲኒ አክሲዮኑን ለሕዝብ ይሽጥ ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ካሜሮንና ዶና ፊት ለፊት ይቆማሉ። ካሜሮን ገና ነው ትላለች፤ ዶና አሁን ነው ትላለች፤ ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። ድምፅ ሲሰጥ ጎርደንም ከዶና ጋር ይቆማል፤ ካሜሮን ራሷ ከመሠረተችው ድርጅት ትወጣለች። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚጠላ ክፉ ሰው ስለሌለ፣ ተመልካች ማን ተበደለ በሚለው ላይ ቢከራከር አይፈረድበትም። ጭቅጭቁ ስለ ገፀ ባሕርያቱ ኅሊና እንጂ ስለ ድራማው ጉድለት አልነበረም፤ አንድ ሥራ እግር ማውጣቱ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ ጎርደን ይሞታል። በ2017ቱ የመጨረሻ ምዕራፍ፣ በሰባተኛው ክፍል፣ ቤቱ ውስጥ ሲራመድ ያለፈ ዘመኑ ከክፍሎቹ ይመጣበታል፤ ወጣቷ ዶና፣ ሕፃናት ልጆቹ። ቀጣዩ ክፍል ሴራ የለውም ማለት ይቻላል። የቀሩት ተሰብስበው ዕቃውን ይለያሉ፤ የሚሰጠውን ለብቻ፣ የሚቀመጠውን ለብቻ። ያቺ ሚስትና እነዚያ ልጆች ከመጀመሪያው ምዕራፍ የመጡ ናቸው። መጀመሪያውን የዘለለ ሰው ለቅሶ ቤቱ ገብቶ ሟቹን የማያውቅ እንግዳ ይሆናል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ በሙሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም፤ አይደለም። ኤኤምሲም በሦስተኛውና በአራተኛው ምዕራፍ በሳምንት ከግማሽ ሚሊዮን በታች ተመልካች ይዞ 40 ክፍል እስኪሞላ መታገሡ ብርቅ ነው፤ ብዙ ድራማ ይህን ዕድል አያገኝም። ካንትዌልና ሮጀርስ ግን ዕድሉን የተጠቀሙበት የተመልካቹን ቅሬታ ሰምተው ስህተታቸውን በማሳመር ሳይሆን፣ ስህተቱ በታሪኩ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ምን ዋጋ እንዳስከፈለ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሩ። የጆን ንግግር ታገሡት፤ ድራማው ራሱ በኋላ ሒሳቡን ይጠይቀዋል።