መቼት ሴራ ሲሆን፦ ስለ ሁለት የዋሻ ጀብዱዎች

በልቦለድ ጥናት መቼት አብዛኛውን ጊዜ የሴራ አገልጋይ ሆኖ ይታያል። ታሪኩን ወደፊት የሚገፋው የገጸ ባሕርያት ድርጊትና ግጭት ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በአሜሪካ ለኅትመት ያበቁት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የሚና ጨዋታ ግን ይህን አመለካከት ይፈትናል። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሪው የሚያዩትንና የሚሰሙትን ይተርክላቸዋል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዋሻ ጀብዱ መጽሐፍ ለመሪው የሚያቀርብለት በዋናነት የዋሻውን ካርታና የየክፍሉን መግለጫ ነው። ሴራው ገና አልተፈጠረም። እንግዲህ ድርሰቱ የሚመዘነው በመቼቱ ነው ማለት ነው።

ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለውድድር አዘጋጅቶ በ1978 ያሳተመው «ቱም ኦቭ ሆረርስ» አሴሬራክ የተባለ ጠንቋይ መቃብር ነው። ከሦስቱ መግቢያዎች ሁለቱ የሐሰት ናቸው። በእውነተኛው መተላለፊያ መጨረሻ አፉን የከፈተ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ፤ ወደ አፉ ጨለማ የገባ እስከ ወዲያኛው ይጠፋል። ብዙዎች ድርሰቱን በጭካኔው ይነቅፉታል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጉድለቱ ጭካኔው አይደለም። በመተላለፊያው ላይ ፍንጭ ተጽፎ ይገኛል። የእኛ እንቆቅልሽም ቢሆን መላሹን «አገር ስጠኝ» እስከማሰኘት ያስጨንቃል፤ ግን ፍቺው ሲነገር አድማጩ «እንዴት አላወቅሁትም!» ካለ ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። የመቃብሩ ችግር አብዛኛው እንቆቅልሽ አንድ ፍቺ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ቦታውን ሳይሆን የደራሲውን ልብ ይገምታል። እርግጥ ነው፣ ለውድድር የተዘጋጀ ድርሰት ተወዳዳሪዎችን ሁሉ በአንድ መንገድ ቢያሳልፍ አያስገርምም።

ጄኔል ጃኬይስ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው «ኬቨርንስ ኦቭ ትሬሺያ» ከዚህ የተለየ ነው። ዋሻው ከአንድ በላይ መግቢያ አለው፤ ደረጃና ጉድጓድ ፎቆቹን በተለያየ አቅጣጫ ያገናኛሉ፤ መንገዶቹ ዞረው ይገጥማሉ። በዚህም የተነሣ ካርታውን ደረጃ በደረጃ የተረዳ ቡድን የሚፈራውን ክፍል ዞሮ ማለፍ፣ ጠላቱን ከኋላ መምጣት፣ ሲሸነፍም በሌላ በር መሸሽ ይችላል። እውቀት ኃይል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ነዋሪዎቹም አንድ ወገን አይደሉም፤ የታናቶስ አምላኪዎች የሆኑ ሰዎች፣ እንሽላሊት መሳይ ፍጡራን፣ በሚኖታውር ንጉሥ የሚገዙ አውሬ መሳዮች አሉ። ተጫዋቾች ከአንዱ ጋር ተስማምተው በሌላው ላይ ቢነሡ ግጭቱን የወለደው መቼቱ ራሱ ነው። ፍርስራሹም ከአሁኖቹ ነዋሪዎች በፊት የነበረ ሥልጣኔን ይመሰክራል፤ ያለፈው ታሪክ የሚገለጠው በረጅም ትረካ ሳይሆን በድንጋዩ ነው።

ውጤቱ በመሪው ችሎታ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ጽሑፉን ብቻውን መገምገም አይቻልም የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ይህ ክርክር ለጽሑፈ ተውኔትም ይሠራል፤ ሆኖም ደካማ አዘጋጅ ስላበላሸው ተውኔቱን ከማጥናት አልተቆጠብንም። መጠየቅ ያለበት ጽሑፉ ለመሪው ስንት እውነተኛ ምርጫ አዘጋጅቶ ሰጥቶታል የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ መቃብሩ ድንቅ እንቆቅልሽ ነው፤ ትሬሺያ ግን የላቀ ጀብዱ ነው። የጃኬይስን መጽሐፍ ለዐረፍተ ነገሩ ውበት የሚያነብ ሰው ግን ብዙ አያገኝም፤ ጥበቡ ያለው ካርታው ላይ ነው።