ሲስተር ለምን ተቆጣች?

«ሲስተር ተቆጣችኝ» የማይል አስታማሚ የለም። እኛም ፈራጆች ነን፤ «የዛሬ ነርስ አንጀት የላትም» እንላለን። እስቲ ፍርዱን ትንሽ እናቆየው።

እንደ አምደወርቅ ባለ የዋግ ከተማ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድቶ የተኛ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን ወተት በየሦስት ሰዓቱ ይጠጣል። በቀን ስምንት ጊዜ፣ ሌሊቱን ጨምሮ ማለት ነው። መጠኑ በክብደቱ ይለካል፤ ቢበዛ ልቡን ያደክመዋል፣ ቢዘገይ ስኳሩ ይወርዳል። መዋጥ ካቃተው በአፍንጫው ቱቦ ይገባለታል። እናት በበኩሏ ቤት የተዋቻቸው ልጆች አሉባትና «ልሂድ» ትላለች። ነርሷ «አይሆንም!» ቁጣው የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ደግሞ ድኖ የወጣው ልጅ የሚመለሰው ወደዚያው ባዶ ጎተራ ነው። ይህን እያወቁ መሸኘት ራሱን የቻለ ሸክም ነው።

አሜሪካዊቷ ካርላ ጆይንሰን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1992 ስለዚህ ድካም ስትጽፍ «የርኅራኄ ዝለት» ብላዋለች። የሚዝለው ያልራራ ሰው አይደለም፤ ሲራራ የከረመው ነው።

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። መልካም። ግን ስለ መቀንጨር በተሰበሰብንባቸው አዳራሾች (አበሉም ሳይረሳ) ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወተት የምትበጠብጠውን ልጅ ስንቶቻችን አነሳናት? ሕፃን በእጇ ላይ ሲያልፍ መዝገብ ላይ ትጽፍና ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። በማግሥቱ አንድ ቀን ማሳረፍ ስንት በጀት ይጠይቃል?