በሃያ ስድስት ቀን የተዋቀረ ሴራ

ደራሲ የልብ ወለዱን ሴራ አስቀድሞ ቀምሮ ብዕሩን ማንሣት ይገባዋል ወይስ እየጻፈ ሊያዋቅረው ይችላል የሚለው ክርክር በድርሰት መድረኮችና በመማሪያ ክፍሎች ሲነሣ፣ የፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ «ቁማርተኛው» ለሁለተኛው ወገን እንደ ዋና ምስክር ይጠራል። በ1866 (እ.ኤ.አ.) በጥቅምት ወር፣ በሃያ ስድስት ቀናት ውስጥ ተጽፎ ያለቀ ሥራ ነውና ምስክርነቱ ቀላል አይመስልም። ይሁን እንጂ ድርሰቱን ከተጻፈበት ሁኔታ ጋር አገናዝቦ ለሚመረምር አንባቢ ይኸው ምስክር ለየትኛውም ወገን ሙሉ በሙሉ የማይመች ሆኖ ይገኛል።

ወንድሙ ሚኻይል በ1864 ከሞተ በኋላ የሟቹንና አብረው ያዘጋጁት የነበረውን መጽሔት ዕዳ የተሸከመው ዶስቶየቭስኪ፣ በ1865 ስቴሎቭስኪ ከተባለ አሳታሚ ጋር የሦስት ሺህ ሩብል ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት እስከ ኅዳር 1 ቀን 1866 ድረስ አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው የደራሲውን ሥራዎች ለዘጠኝ ዓመታት ያለ ምንም ክፍያ የማሳተም መብት ያገኛል። ከበርቴው ያልተጻፈን ድርሰት ብቻ ሳይሆን ገና ያልታሰበን ድርሰት ጭምር በመያዣነት ያዘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ «ወንጀልና ቅጣት» በመጽሔት በተከታታይ እየወጣ ስለ ነበር፣ የመስከረም ወር ሲገባደድ ለስቴሎቭስኪ የሚሰጠው ልብ ወለድ ገና አልተጀመረም። ወዳጆቹ ሥራውን ተከፋፍለው ሊጽፉለት ሐሳብ ቢያቀርቡም በሌሎች ሥራ ላይ ስሙን ለማኖር አልፈቀደም።

በቀድሞው የሩሲያ የዘመን አቈጣጠር ጥቅምት 4 ቀን አና ስኒትኪና የተባለች የሃያ ዓመት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ወደ ቤቱ መጣች። ከዚያች ዕለት አንሥቶ ደራሲው ሌሊት ያዘጋጀውን ቀን በቃል ያስጽፋል፤ እርሷም ማታ በቤቷ ገልብጣ በማግሥቱ ለእርማት ታመጣለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሴራው በድንገት ከአፍ የወጣ አልነበረም፤ ቢያንስ የአንድ ሌሊት ዕድሜ ነበረው። ከዚህም በላይ በ1863 ከሮም ለስትራኾቭ በጻፈው ደብዳቤ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን በሩሌት ላይ ስለሚያፈስ በውጭ አገር ስለሚኖር ሩሲያዊ ታሪክ ለመጻፍ ማሰቡን ገልጾ ነበር። እንግዲህ ገጸ ባሕርዩና መቼቱ የሦስት ዓመት ቅምር ሲሆኑ፣ በጥቅምት የተፈለገው የድርጊቶቹ ሰንሰለት ነው።

ለዚህ ሰንሰለት የተመረጠው መፍትሔ የሚደነቅ ነው። ጄኔራሉ ዕዳውን ለዴ ግሪዬ የሚከፍለው፣ ማድሟዜል ብላንሽ የምታገባው፣ የፖሊናም ዕጣ የሚወሰነው የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት ሞት በቴሌግራም ሲነገር ነው። ሁሉም ሞቷን ሲጠባበቅ አሮጊቷ በመጽሐፉ አጋማሽ በሕይወቷ ከተፍ ትላለች፤ ያውም በወንበር ተሸክመዋት! ከዚያም ራሷ ወደ ሩሌቱ ገበታ ትሄዳለች። አንድ ምክንያት ስድስት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። ጊዜ ያጠረው ደራሲ ከዚህ የተሻለ ቁጠባ ሊያገኝ አይችልም።

የአተራረኩ አንጻርም ከዚሁ ይመነጫል። ታሪኩ አሌክሲ ኢቫኖቪች በየጊዜው የሚጭረው ማስታወሻ ነው፤ በአሥራ ሦስተኛው ምዕራፍ ማስታወሻውን ሳይነካ አንድ ወር ገደማ ማለፉን፣ በመጨረሻው ደግሞ አንድ ዓመት ከስምንት ወር መዝለሉን ይናገራል። ሊተረክ የሚገባውን መሸጋገሪያ ደራሲው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይሻገረዋል፤ የተራኪው ችኮላና መቁነጥነጥ ግን የቁማርተኛው ጠባይ ስለ ሆነ አንባቢው ቅር አይለውም። ከ«ወንጀልና ቅጣት» ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ያንን ሥራ በአንደኛ መደብ ጀምሮት ሳለ በ1865 መጨረሻ ረቂቁን አቃጥሎ በሦስተኛ መደብ እንደ አዲስ ጽፎታል። ለማቃጠል የሚበቃ ጊዜ በነበረው ጊዜ የተወውን አንጻር፣ ጊዜ ሲያጣ ተመልሶ ያዘው።

ጉድለቱ የሚታየው አሮጊቷ ከስራ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ነው። ሴራውን ይጎትት የነበረው ኃይል ይቋረጣል። የፓሪሱ ክፍል፣ ምንም እንኳ በሽሙጥ የተዋዛ ቢሆን፣ ገንዘቡን ለመጨረስ ያህል የተጻፈ ይመስላል። ፖሊና ገንዘቡን በአሌክሲ ፊት ላይ የምትወረውርበት ትዕይንት ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ለምን እንዲህ እንዳደረገች ከድርጊቷ ሳይሆን በመጨረሻው ምዕራፍ ሚስተር አስትሌ ስትወደው እንደ ነበረ ለአሌክሲ ሲነግረው እንረዳለን። የዋና ገጸ ባሕርይ ልብ በሦስተኛ ሰው አፍ መገለጡ የቀነ ገደቡ ጠባሳ ነው።

ድርሰቱ ጥቅምት 29 ቀን ተጠናቀቀ። አና በትዝታዋ እንደ ጻፈችው፣ ደራሲው ረቂቁን ይዞ ሲሄድ አሳታሚው ከከተማ ወጥቷል ተባለ፤ የሚረከብም ጠፋ። ስለዚህ ለፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ሰዓቱ የተመዘገበበት ደረሰኝ ተቀበለ። ሁለቱ በየካቲት 1867 ተጋቡ፤ ከዚያ በፊት ግን የ«ወንጀልና ቅጣት»ን የመጨረሻ ክፍል በዚያው መንገድ፣ እርሱ እየተናገረ እርሷ እየጻፈች ፈጽመውት ነበር።