እንግሊዝኛን የተማረ ለማን ይጽፋል?

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በኦሊምፒክና በፒኮ ጎዳናዎች መካከል ያለው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል በ2002 (ዓመታቱ በሌላ ካልተገለጹ በቀር በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ተሰየመ። በዚያ ሠፈር ቡና ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ክርክር አለ። ልጃቸው በዩኒቨርስቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት መወሰኑን የሰሙ ወላጅ «ምን ሊበላበት ነው?» ይላሉ። ስደትን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለናል፤ ይኸውም «ተምሮ ለማን ይጽፋል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ከእኛ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ኢትዮጵያ በእንግሊዝ ቅኝ ሳትገዛ ከፍተኛ ትምህርቷን በእንግሊዝኛ መሥርታለች። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ፣ በ1961ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ያስተማሩት በዚሁ ቋንቋ ነበር። የ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃውን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ለእንግሊዝኛ አጽንቶለታል። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን የሼክስፒርን ስንኝ በክፍል ውስጥ መተንተን ስንማር፣ ቅኔን የቤተ ክህነት ጉዳይ አድርገን ከደጅ ትተነዋል። የንባብ መሣሪያው ተሰጠን፤ በገዛ እርሻችን ላይ ግን አላዋልነውም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄዱ ደራሲ በዚሁ በሎስ አንጀለስ ተምረው ነበር። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በካሊፎርንያ ዩኒቨርስቲ ሎስ አንጀለስ በመጡ ጊዜ ያጠኑት ፖለቲካ ሳይንስ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አልነበረም። ሆኖም «የሺነጋ መንደር» የተባለውን ሥራቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛም በአማርኛም ሳይሆን፣ በጽሑፍ ብዙም ባልተሠራበት በቸሃ ቋንቋ ነው። በዚያው ዩኒቨርስቲ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበሩት ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና በ1964 ታተመ። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ በኋላ የተከፈተ በር ነው፤ ቤቱ አስቀድሞ በቸሃ ቆሞ ነበር።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ እኚሁ ደራሲ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ታተመ። የናማጋ ጎጆ ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማወቅ የአገሬው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። ርእሱ ሳይተረጎም መቅረቱ ድፍረት ነው። ነገር ግን ተራኪው ሥርዓቱን ለማያውቅ እንግዳ እያስረዳ ስለሚሄድ፣ በአውጫጭኝ ላይ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በገዛ ደጁ አስጎብኚ የተመደበለት ያህል ይሰማዋል። ይህን ስንል የደራሲውን ችሎታ ለመንቀፍ አይደለም፤ ቋንቋው አንባቢን አስቀድሞ እንደሚመርጥ ለማሳየት ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚጠራው በዳኛቸው ወርቁ ሥራዎች ነው። በአዲስ አበባና በአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርስቲ የተማሩት ዳኛቸው፣ «አደፍርስ»ን በእኛ አቆጣጠር በ1962 በአማርኛ፣ «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ልንላት የምንችለውን ልብ ወለድ ደግሞ በ1973 በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በ«አደፍርስ» የባላባቷ የወይዘሮ አሰጋሽ አነጋገር፣ የገበሬው ዘይቤና የተማረው ወጣት የመጽሐፍ አማርኛ እያንዳንዳቸው በየድምፃቸው ይሰማሉ፤ የዘመኑ ግጭት በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በአፍ አወጣጥ ጭምር ይታያል። በእንግሊዝኛው ግን ታማሚው ፊታውራሪ ወልዱ፣ ወደ ዝቋላ አብረዋቸው የሚወጡት ልጆቻቸውና በመንገድ የሚያገኙት ገበሬ ወደ አንድ ቋንቋ ተቀራርበዋል። ማዕረጉ በስም ይጠራል እንጂ በጆሮ አይለይም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ግን ትርፉንም መናገር ይገባል። «አደፍርስ» በረጅም ሙግት አንባቢን የሚያደክምበት ቦታ አለ፤ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቁጥብ ነው፣ በሽታውንና ተራራውን አስተያይቶ ዝም ማለትን ያውቃል። በሌላ ቋንቋ መጻፍ ለደራሲው እንደ መቀስ አገልግሎታል እንላለን። የባዕድ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ጥቅሙም ይኸው ነው፦ የራስን ነገር ከርቀት ለማየትና የተትረፈረፈውን ለመቁረጥ ያስችላል። ጉዳቱ የሚመጣው መቀሱን የያዘ ሰው ጨርቁን የረሳ እንደሆነ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝኛ የሚጽፉት ዲናው መንግሥቱና፣ «ጥላ ንጉሥ» ሊባል የሚችለው ልብ ወለዷ በ2020 ለቡከር ሽልማት መጨረሻ ዙር የደረሰላት መዓዛ መንግሥቴ፣ ያደጉበትንና የተማሩበትን ቋንቋ በመጠቀማቸው ሊወቀሱ አይገባም። እዚህ ለሚወለዱት ልጆቻችን ግን እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገቡ ብቸኛ በር ሆነው እንዳይቀሩ እንሰጋለን። በአንድ በር ብቻ የሚገባ ሰው የሚያየው ሳሎኑን ነው፤ ጓዳው ይቀርበታል።

ስለዚህ ልጁን ከእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እናስቀረው አንልም። ይልቅስ የዳኛቸው ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቅረቡ፤ ልጅ እንግሊዝኛውን፣ ወላጅ አማርኛውን ጮክ ብለው ያንብቡ። ልጁ የልብ ወለድን አሠራር ከመምህራኑ ተምሯል፤ ወላጁ ደግሞ የወይዘሮ አሰጋሽ ነገር የት ላይ እንደሚነክስ ያውቃሉ። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ነው። «ምን ሊበላበት ነው?» ያሉት ወላጅ በዚያ ጠረጴዛ ሲቀመጡ፣ ልጃቸው ለማን ሊጽፍ እንደሚችል የመጀመሪያውን መልስ በራሳቸው ድምፅ ይሰጡታል።